ቀለም ሳይደባለቅ መልክዓ ምድር እንዴት ይሳላል? የኦንሪ-ኤድሞን ክሮስ አሠራር ደረጃ በደረጃ

ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ «የወርቅ ደሴቶች» የሚባል ሥዕል አለ። ትልቅ አይደለም። ቁመቱ 60፣ ወርዱ 54 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ሰው የለበትም፣ ጀልባም የለበትም። ከታች አሸዋ፣ መሃል ባሕር፣ ከላይ ደሴቶችና ጠባብ ሰማይ፤ በቃ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን አሸዋውም ባሕሩም ይጠፋል። የሚቀረው ለየብቻ የተቀመጠ የቀለም ጠብታ ነው። ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ስትሉ ባሕሩ ተመልሶ ይመጣል፤ ያውም ፀሐይ ያረፈበት ውሃ ሆኖ፣ እየተብለጨለጨ።

ሠዓሊው ኦንሪ-ኤድሞን ክሮስ ነው። የሠራው በ1891 እና በ1892 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እኔ በጠብታ መሳል የተማርኩት ይህን ሥዕል ደጋግሜ በመገልበጥ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መምህር አላውቅም። የሰው ፊት መሳል አይጠይቅም፣ ዛፍ መሳል አይጠይቅም። ሦስት አግድም መስመር ማስመር ከቻላችሁ ንድፉ አለቀ። ቀሪው ሁሉ ቀለም ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ይህን አሳሳል ብዙ ሰው የሚያውቀው በነጥቡ ነው። «ነጥብ በነጥብ የሚሠራው» ይሉታል። ዋናው ነገር ግን ነጥቡ አይደለም። ዋናው ነገር ተቃራኒ ቀለሞችን ፓሌት (የቀለም ማዘጋጃ ሰሌዳ) ላይ አለመደባለቅ፣ ንጹሕ እንደሆኑ ጎን ለጎን ማስቀመጥና ድብልቁን ለተመልካቹ ዓይን መተው ነው። የክሮስ የቅርብ ጓደኛ፣ ሠዓሊው ፖል ሲኛክ በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ አጥብቆ የተከራከረው ስለዚህ ነው። እኛ ቀለም እንለያያለን እንጂ ነጥብ አንነጥብም ነው ነገሩ። ይህን ከያዛችሁ ነጥባችሁ ቢሰፋም ቢጠብም፣ ክብ ቢሆንም ጡብ ቢመስልም ሥራው ይሠራል።

ስለ ሰውዬው በአጭሩ

ክሮስ በ1856 በሰሜን ፈረንሳይ፣ ዱዌ በምትባል ከተማ ተወለደ። የቤተሰቡ ስም ዴላክርዋ ነበር። በፈረንሳይ ሥዕል ዓለም ደግሞ ዴላክርዋ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ታላቁን ኤውዤን ዴላክርዋን ነው። በዚያ ስም ሥዕል ማሳየት ለአንድ ወጣት ከባድ ነው። ስለዚህ በ1881 ስሙን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። «ክርዋ» በፈረንሳይኛ መስቀል ነው፤ «ክሮስ»ም በእንግሊዝኛ መስቀል ነው። እናቱ እንግሊዛዊት ስለነበሩ ቋንቋው ለቤቱ እንግዳ አልነበረም።

በ1884 ፓሪስ ውስጥ የነፃ ሠዓሊዎች ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ እሱ ነበር። ማኅበሩ ዳኛ አልነበረውም። ማንም ሠዓሊ ሥራውን ይዞ መቅረብ ይችል ነበር። ሠዓሊው ዦርዥ ሰራ እና ሲኛክም እዚያው ነበሩ። ሰራ «ላ ግራንድ ዣት» የተባለውን ግዙፍ ሥዕሉን በ1886 ሲያሳይ፣ ሃያሲው ፌሊክስ ፌኔዮን ለአዲሱ አሳሳል «ኒዮ-ኢምፕሬሽኒዝም» የሚል ስም አወጣለት።

ክሮስ ግን አልቸኮለም። ጓደኞቹ በነጥብ ሲሠሩ እሱ ዓመታት ዝም ብሎ ተመለከተ። በመንገዱ የገባው በ1891 ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ሰራ ገና በ31 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ክሮስም ፓሪስን ለቆ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሜዲትራንያን ዳርቻ ወረደ። ምክንያቱ ቁርጥማት ነው። ብርዱና እርጥበቱ መገጣጠሚያውን ጎድቶት ነበር። መጨረሻ ላይ «ለ ላቫንዱ» ከሚባለው ቦታ አጠገብ፣ ሴን-ክሌር በምትባል ትንሽ መንደር ተቀመጠ። የወርቅ ደሴቶች የሚባሉት ከዚያ ዳርቻ ፊት ለፊት ያሉት የኢዬር ደሴቶች ናቸው። በ1910 ግንቦት ውስጥ፣ 54 ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ሲቀረው፣ እዚያው ሴን-ክሌር ሞተ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው። እጁ የሚያመው፣ ዓይኑም በየጊዜው የሚያስቸግረው ሰው፣ ከሁሉም የበለጠ እጅና ዓይን የሚጠይቀውን አሳሳል መረጠ። ሥዕሎቹ ላይ ደግሞ የሕመም ምልክት ፈልጋችሁ አታገኙም። ብርሃን ብቻ ነው ያለው።

ብሩሽ ሳትነኩ የምታደርጉት ሙከራ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። እኔ መጀመሪያ ዘልዬው ብዙ ሸራ አበላሽቻለሁ።

ቤት ውስጥ ጠርዙ በደቃቅ ቀይና አረንጓዴ ክር የተሠራ ጥበብ ያለው ነጠላ ካለ አውጡት። ግድግዳ ላይ ስቀሉትና ወደ ኋላ ሂዱ። ቅርብ ሲሆን ቀዩም አረንጓዴውም ጎልቶ ይታያል። እየራቃችሁ ስትሄዱ ግን ክሮቹ ይቀላቀሉና ወደ ቡናማ ያደላሉ። ቀለሙን ማንም አልበጠበጠውም። የቀላቀለው ዓይናችሁ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ይኸውላችሁ። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት ትንንሽ አራት ማዕዘን ቁረጡ። አንዱን ደማቅ ብርቱካናማ ወረቀት ላይ፣ ሌላውን ደማቅ ሰማያዊ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ግራጫው አንድ ሆኖ ሳለ ብርቱካናማው ላይ ያለው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ሰማያዊው ላይ ያለው ደግሞ ሞቅ ይላል። ስስ ነጭ ወረቀት ከላይ ብታለብሱት ልዩነቱ ይበልጥ ይወጣል።

ይህን በደንብ ያጠናው ሚሼል ኤውዤን ሸቭረል የተባለ ኬሚስት ነው። ፓሪስ ባለው የጎብለን የምንጣፍና የግድግዳ ጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ሸማኔዎቹ ጥቁሩ ክር ደበዘዘ፣ ማቅለሚያው ደካማ ነው ብለው አቤት አሉ። ሸቭረል መረመረው። ማቅለሚያው ደህና ነው። ጥቁሩን ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ሐምራዊ ነው። የጥናቱን ውጤት በ1839 በመጽሐፍ አወጣው፤ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ሰራና ጓደኞቹ እንደ ዳዊት ደገሙት።

ከዚህ የምንይዛቸው ጥንዶች ሦስት ናቸው፦ ቀይና አረንጓዴ፣ ብርቱካናማና ሰማያዊ፣ ቢጫና ሐምራዊ። ጥንዶቹ ጎን ለጎን በሰፋፊው ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል። በጣም ደቃቅ ሆነው ሲሰባጠሩ ግን ከሩቅ ይገዳደሉና ግራጫ ይሆናሉ። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ የትኛውን መቼ እንደምትፈልጉ ማወቅ ነው ትልቁ ነገር።

ደረጃ 1፦ ዕቃ ማዘጋጀት

ወርዱ 27፣ ቁመቱ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ሸራ ወይም ጠንካራ ካርቶን ውሰዱ። ይህ የክሮስን ሥዕል በቁመትም በወርድም በግማሽ ያህል ያሳንሰዋል። ላዩን በነጭ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡና አድርቁት። ነጩ መሠረት የግድ ነው። በጠብታዎቹ መሃል ሾልኮ የሚወጣው ብርሃን ከእሱ ነው የሚመጣው።

ክሮስ የሠራው በዘይት ቀለም ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) እመክራለሁ። በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፣ ስለዚህ ሁለተኛው ጠብታ የመጀመሪያውን አያበላሸውም። በዘይት ከሠራችሁ በየዙሩ ቀናት መጠበቅ አለባችሁ፤ ክፍላችሁም በቂ አየር ይኑረው።

ቀለሞቹ እነዚህ ናቸው፦ ፈካ ያለ ቢጫ፣ ጠለቅ ያለ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ ሮዝ ወይም ጠቆር ያለ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ኮባልት ወይም ሌላ ቀለል ያለ ሰማያዊ፣ ቪሪዲያን አረንጓዴ እና ብዙ ነጭ። ጥቁር የለም። ቡናማ የለም። ከአፈር የሚሠሩት ቀለሞች በሙሉ የሉም። ሲኛክና ጓደኞቹ እነዚህን ከፓሌታቸው አባርረዋል። ጥላ ሲያስፈልጋችሁ ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ሂዱ።

ቱቦው ላይ የብርሃን መቋቋም ምልክቱን አንብቡ። ሰራ በ«ላ ግራንድ ዣት» ላይ የተጠቀመበት ዚንክ ቢጫ ብዙም ሳይቆይ ጠቁሮ ወደ ቡናማ ተቀይሯል። ሣሩ ላይ እንደ ፀሐይ እንዲያበሩ የተቀመጡት ጠብታዎች ዛሬ የደረቀ ቅጠል ይመስላሉ። ያን ያህል ለፍታችሁ ቀለሙ እንዲከዳችሁ አልፈልግም።

ብሩሽ፦ ጫፉ ክብ የሆነ መካከለኛና ትንሽ፣ እንዲሁም አንድ ጠፍጣፋ። ጥጥ የተጠቀለለበት የጆሮ ማጽጃም ለትልልቅ ክብ ጠብታ ጥሩ ነው። ሁለት የውሃ ዕቃ ያዙ፤ አንዱ ለቢጫና ለብርቱካናማ ብቻ ይሁን። የቆሸሸ ውሃ ንጹሕ ቢጫን ወዲያው ይገድለዋል።

ደረጃ 2፦ ፓሌቱን መደርደር

ቀለሞቹን በቀስተ ደመና ቅደም ተከተል ደርድሩ፦ ከቢጫ ተነስታችሁ በብርቱካናማ፣ በቀይ፣ በሐምራዊ፣ በሰማያዊ አልፋችሁ አረንጓዴ ላይ ድረሱ። ከእያንዳንዱ ሥር ያንኑ ቀለም በትንሽ ነጭ፣ ከዚያ በብዙ ነጭ አድርጋችሁ ሁለት ተጨማሪ ረድፍ ሥሩ። አሁን ወደ 30 የሚጠጋ ቀለም ፊታችሁ አለ።

የሚፈቀደው ድብልቅ ሁለት ብቻ ነው። አንድ፣ ማንኛውንም ቀለም ከነጭ ጋር። ሁለት፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ጋር፤ ለምሳሌ ቢጫን ከብርቱካናማ፣ ሰማያዊን ከሐምራዊ። ቀይን ከአረንጓዴ ፓሌት ላይ ከደባለቃችሁ ያው ጭቃ ነው የሚወጣው።

ደረጃ 3፦ ንድፍና ልኬት

ክሮስ ትልልቅ ሥዕሎቹን ባሕር ዳር ተቀምጦ አይጨርሳቸውም ነበር። ውጭ ንድፍና የውሃ ቀለም ማስታወሻ ይይዛል፣ ዋናውን ቤቱ ገብቶ በእርጋታ ይሠራል። ልክ ነው፤ ፀሐይ ቦታዋን ሳትለውጥ ይህን ሁሉ ጠብታ ማስቀመጥ አይቻልም።

የ«የወርቅ ደሴቶች»ን ጥሩ ፎቶ አግኙና የአሸዋው፣ የባሕሩና የደሴቶቹ ድንበር ከጠቅላላው ቁመት ስንት ስንተኛው ላይ እንደሆነ በማስመሪያ ለኩ። ያንኑ ወደ ሸራችሁ በስሱ እርሳስ አስተላልፉ። አድማሱ ወደ ላይ የተገፋ መሆኑን ልብ በሉ። አብዛኛው ቦታ የአሸዋና የውሃ ነው።

አሁን ደግሞ የጠብታውን መጠን ወስኑ። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ይረዳል። ሸራችሁ 810 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። በ5 ሚሊሜትር ጠብታ ለመሸፈን 3,240 ጠብታ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ሁለት ሴኮንድ ብትሰጡት ሁለት ሰዓት አይሞላም። በ2 ሚሊሜትር ከሆነ ግን ከ20 ሺህ በላይ ጠብታ፣ ከ11 ሰዓት በላይ ሥራ ነው። ይህ አንድ ዙር ብቻ ነው። ሠዓሊው ካሚይ ፒሳሮ ይህን አሳሳል ጥቂት ዓመት ሞክሮ የተወው ለከንቱ አይደለም። ቀርፋፋነቱ የሚሰማውን እንዳይስል አድርጎታል።

ክሮስ እዚህ ሥዕል ላይ ያደረገው ብልሃት አለ። ከታች አሸዋው ላይ ጠብታው ትልቅ ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ርቀቱ ሲሄድ እያነሰ ይመጣል። ጥልቀቱን የሠራው በመስመር አይደለም፣ በጠብታ መጠን ነው። እኛም ከታች በ6 ሚሊሜትር ጀምረን ደሴቶቹ ጋ በ2 እንጨርሳለን።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ዙር

በየክፍሉ የዕቃውን የራሱን ቀለም አስቀምጡ። አሸዋው ላይ በብዙ ነጭ የፈካ ቢጫ። ባሕሩ ላይ ቀለል ያለ ሰማያዊ፤ ወደ ዳርቻው ሲቀርብ ትንሽ አረንጓዴ። ደሴቶቹ ላይ ሰማያዊና ሐምራዊ። ሰማዩ ላይ የነጣ ቢጫና ሮዝ።

ብሩሹን አሳርፉና አንሱ። አትጎትቱ። እጃችሁ ሲደክም መጎተት ይጀምራል፤ ያኔ ቁሙ። ጠብታዎቹን እንደ ወታደር በሰልፍ አታሰልፏቸው፣ የግድግዳ ወረቀት ይመስላል። ግን አሸዋው አግድም ተኝቷል፣ ውሃውም አግድም ነው፤ ስለዚህ በቀስታ ወደ ጎን የሚፈስ ስሜት ይኑራቸው።

ከቦታው ግማሹን ብቻ ሸፍኑ። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ነጩ ያስፈራዋል፣ ቶሎ ይሞላዋል። ከዚያ ለብርሃኑም ለጥላውም ቦታ ያጣል።

ደረጃ 5፦ የብርሃን ዙር

የፀሐይ ብርሃን በዚያ ዳርቻ ሞቃት ነው፤ ቢጫና ብርቱካናማ ነው። ስለዚህ ብርሃን ባረፈበት ሁሉ፣ አሸዋውም ይሁን ውሃው፣ በባዶዎቹ ቦታዎች የፈካ ብርቱካናማና ቢጫ ጠብታ ጣል ጣል አድርጉ። አሸዋው ላይ ብዙ፣ ባሕሩ ላይ ጥቂት።

ባሕሩ ላይ የምታስቀምጡት የመጀመሪያ ብርቱካናማ ጠብታ ያስደነግጣችኋል። እኔ ስህተት መስሎኝ በጨርቅ ጠርጌዋለሁ። አትጥረጉት። አሥር ያህል በሰማያዊው መሃል በትኑና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። ሰማያዊው ከቅድሙ ይበልጥ ሰማያዊ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የሸቭረል ነገር ይኸው ነው። ብዛቱን ግን ጠብቁ፤ ግማሽ በግማሽ ከሆነ ባሕሩ ወደ ግራጫ ይወርዳል።

ደረጃ 6፦ ጥላና ጎረቤት

ጥላ ማለት ቀለም ማጥቆር አይደለም። ብርሃኑ ብርቱካናማ ከሆነ ጥላው ወደ ሰማያዊ፣ ቢጫ ከሆነ ወደ ሐምራዊ ያደላል። አሸዋው ዝቅ ባለበት ሐምራዊና የነጣ ሰማያዊ አስገቡ። ሁለት ክፍሎች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ደግሞ ልዩነቱን አጉሉት፦ ደሴቱ ሰማዩን በሚነካበት ጠርዝ ደሴቱን ትንሽ ጠቆር፣ ሰማዩን ትንሽ ፈካ አድርጉት። መስመር ሳታሰምሩ ጠርዙ ይወጣል።

ስለ አረንጓዴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ዋጋ ያስከፈለኝ ነገር ነው። በልጅነታችን ሰማያዊና ቢጫ ሲደባለቅ አረንጓዴ ይወጣል ተብለን ተምረናል። በበጠበጥነው ቀለም እውነት ነው። በጠብታ ግን አይሠራም። እኔ አንድ ሙሉ ኮረብታ በሰማያዊና በቢጫ ጠብታ ሸፍኜ ሳበቃ ወደ በሩ ሄጄ ዞር ብዬ አየሁት። ኮረብታው አመድ መስሏል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የበጠበጥነው ቀለም አንዱ የሌላውን ብርሃን ይውጣል፣ የሚተርፈው አረንጓዴው ነው። ጎን ለጎን ያሉ ጠብታዎች ግን ብርሃናቸው ዓይን ውስጥ ይደመርና አማካዩ ይታያል፤ የሰማያዊና የቢጫ አማካይ ደግሞ ግራጫ ነው። ስለዚህ አረንጓዴ ሲያስፈልጋችሁ አረንጓዴውን ራሱን አስቀምጡ። ከዚያ ብርሃን ባለበት ቢጫ፣ ጥላ ባለበት ሰማያዊ ጨምሩበት።

ደረጃ 7፦ ከሩቅ ማየት

ብዙ መጽሐፍ ጠብታዎቹ ከሩቅ ሙሉ በሙሉ ይዋሃዳሉ ይላል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ እንዲያ አይደለም። ጤናማ ዓይን አንድ ዲግሪ ለ60 ተከፍሎ አንዱን ክፍል ያህል የሚሆን ስፋት መለየት ይችላል። በዚህ ስሌት 3 ሚሊሜትር ጠብታ የሚጠፋው ወደ 10 ሜትር ስትርቁ ነው። 10 ሜትር ባዶ ቦታ ያለው ሳሎን ስንቶቻችን አለን? ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምንቆመው መሃል ላይ ነው፦ ጠብታው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን ባሕር ሆኗል። ያ የመብለጭለጭ ስሜት የሚመጣው ከዚህ ነው። ዓይን ይቀላቅላል፣ መልሶ ይለያያል። ለእኔ የዚህ አሳሳል ውበት እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ሙሉ በሙሉ ቢዋሃድማ ተራ ቀለም መቀባት ይበቃ ነበር።

በየ20 ደቂቃው ተነሱና እዩት። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ፣ ወይም በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አሳንሱት። ግራጫ የመሰለው ቦታ ተቃራኒዎቹ እኩል በዝተውበታል ማለት ነው፤ አንዱን አብዙ። የሚጮኸው ቦታ ደግሞ ጎረቤት ቀለም ይፈልጋል። ጠብታ መጨመር ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም። አንዳንዴ ሦስት ጠብታ በነጭ ሸፍኖ ቦታውን ማስተንፈስ ይሻላል።

ጠብታውን ወደ ጡብ ማስፋት

አንድ ጊዜ ይህን ከጨረሳችሁ፣ እባካችሁ ሁለተኛውን በዚያው መጠን አትሥሩት። ክሮስም አልቆመበትም። ከ1890ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እሱም ሲኛክም ጠብታውን ትተው ወደ ሰፊ የብሩሽ ጭረት ሄዱ። ሥዕሉ የሞዛይክ ወለል መሰለ። ጭረቶቹ አራት ማዕዘን ናቸው፣ በመካከላቸው ነጩ ሸራ ይታያል፣ ቀለሙም ከተፈጥሮ ይበልጥ ደፋር ነው። ሐምራዊ የዛፍ ግንድ፣ ሮዝ መሬት።

ጠፍጣፋውን ብሩሽ ያዙ። ወርዱ 1 ሳንቲሜትር ያህል ይሁን። አሳርፉ፣ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ጎትቱ፣ አንሱ። እዚህ መጎተት ይፈቀዳል። የጭረቱ አቅጣጫ የዕቃውን ቅርጽ ይከተል፦ ውሃው ላይ አግድም፣ ግንዱ ላይ ወደ ላይ፣ ቅጠሉ ላይ ሽቅብ እየተበተነ። በሁለት ጭረት መካከል የፀጉር ያህል ነጭ ተዉ። የቀለሙ ሕግ አይቀየርም።

በ1904 በጋ ወጣቱ ሠዓሊ ኦንሪ ማቲስ ወደ ሴን-ትሮፔ፣ ወደ ሲኛክ ቤት አካባቢ መጥቶ ከረመ። ክሮስም እዚያው ቅርብ ነበር፤ ሁለቱ ስለ ቀለም ብዙ ተነጋገሩ። ማቲስ ከዚያ በኋላ በጡብ ጡብ ጭረት የሠራውን ትልቅ የባሕር ዳር ሥዕል ሲኛክ ራሱ ገዛው። በሚቀጥለው ዓመት ማቲስና ጓደኞቹ በደማቅ ቀለማቸው ፓሪስን አናወጡ። እኔ የክሮስን የኋላ ሥራዎች ሳይ ያ ድፍረት ከየት እንደመጣ ይታየኛል።

የራሳችሁን ቦታ ስትመርጡ

ኮፒው ካለቀ በኋላ ወደምታውቁት ቦታ ውጡ። ሐይቅ ዳር፣ የጤፍ ማሳ፣ ከቤታችሁ ጣሪያ የሚታይ ኮረብታ፣ የትም ይሁን። ሁለት ነገር ብቻ ፈልጉ። አንደኛ፣ ሰፋፊ አግድም ክፍሎች ይኑሩት፤ ቅርንጫፍ የበዛበትን ለጊዜው ተዉት። ሁለተኛ፣ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ሂዱ። እኩለ ቀን ላይ ጥላ አጭር ነው፣ ቀለሙም ይነጣል። በ15 ደቂቃ ውስጥ በውሃ ቀለም ትንሽ ማስታወሻ ያዙና በየክፍሉ ጻፉበት፦ «ብርሃኑ ብርቱካናማ፣ ጥላው ሰማያዊ፣ ሣሩ ጫፍ ላይ ሮዝ»። ቀሪውን ቤት።

ፓሪስ ወይም አቅራቢያዋ የምትኖሩ ኦርሴ ሄዳችሁ ዋናውን ብታዩት ደስ ይለኛል። አፍንጫችሁ ሊነካው እስኪቀርብ ጠጉ፣ ጥበቃዎቹ እስከፈቀዱላችሁ ድረስ። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱና ባሕሩ በስንተኛው እርምጃ ላይ እንደመጣ ቁጠሩ። ያንን ቁጥር ይዛችሁ ኑ፤ ለራሳችሁ ሥዕል ይጠቅማችኋል።

ማድረቅና መስቀል

የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ አትቀቡት። ኒዮ-ኢምፕሬሽኒስቶቹ አይወዱትም ነበር፤ ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ ነጸብራቁም ጠብታዎቹን ይሸፍናል። ክፈፉ ነጭ ይሁን። ወርቅ የተቀባ ክፈፍ ብርቱካናማውን ሁሉ ይውጠዋል። ቀጥታ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ ከመስኮት ጎን ያለው ይሻላል።

ከሰቀላችሁት በኋላ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መብራት ሳታበሩ ፊቱ ተቀመጡ። ክፍሉ እየጨለመ ሲሄድ ዓይናችን ለቀይና ለብርቱካናማ ይደክማል፣ ለሰማያዊ ግን ይነቃል። መጀመሪያ የአሸዋው ሙቀት ይጠፋል። ቀጥሎ የሰማዩ ሮዝ ይሄዳል። ባሕሩ ግን ይቆያል፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ነገር መለየት ሲያቅታችሁ እንኳ ሰማያዊው እየፈካ ይታያል።